«ሰላም» «ላም» ሆኖ እንዳይደርስ፦ ደጋውንና ቆላውን የሚያገናኝ የሬዲዮ ሶፍትዌር አመራረጥ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በመሀሉ የጣርማበር ተራራ ቆሟል። በ2 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ባለው፣ በ5 ዋት ከደጋው ወደ ቆላው ማውራት አይታሰብም፤ ሞገዱ ገደሉን ተከትሎ አይወርድም። አፋፉ ላይ ሪፒተር (ሞገድ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ቢተከል ይፈታው ነበር። ግን ምሰሶ፣ የፀሐይ ፓነል፣ የመብረቅ መከላከያና ዘበኛ ይፈልጋል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሬዲዮ አስቀምጬ በኢንተርኔት ለማገናኘት ወሰንኩ።

ለአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለትርፍ ላልሆነ የግል የሬዲዮ ግንኙነት፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰው ሳይኖር ብቻውን የሚያስተላልፍ ጣቢያ ደግሞ ለብቻው የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የሞከርኩት አንቴና ሳልሰካ፣ በ50 ኦም ዳሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ ሙቀት በሚቀይር የአንቴና ምትክ)፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሶፍትዌር ለመምረጥ ይህ ይበቃል።

ብዙ ሰው ሶፍትዌሮችን የሚያወዳድረው በሚሠሩት ሥራ ብዛት ነው። እኔም እንደዚያ ጀምሬ ሁለት ሳምንት አባከንኩ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ኔትወርኩ ነው። በሞባይል ሲም ኢንተርኔት ስንጠቀም አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን የሆነ አይፒ አድራሻ የለንም፤ ብዙ ደንበኞች በአንድ አድራሻ ይወጣሉ። መውጣት እንችላለን፣ ከውጭ ግን ማንም ሊያንኳኳብን አይችልም። ራውተሩ ላይ ፖርት (ቁጥር ያለው የዳታ መግቢያ) ብንከፍትም ዋጋ የለውም፤ የተዘጋው በር ያለው ከእኛ ራውተር በላይ ነው። ይህን ለማወቅ ራውተሩ ላይ የተጻፈውን የውጭ አይፒ፣ አንድ ድረ ገጽ ከሚያሳየን አይፒ ጋር ማስተያየት ነው። ከተለያዩ ነገሩ አለቀ።

ሬዲዮንና ኢንተርኔትን ከሚያገናኙት ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ኤኮሊንክ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በፍጥነት የሚልክ ዘዴ) ፖርት 5198 እና 5199 ከውጭ መቀበል አለበት። ፕሮክሲ፣ ማለትም በመሀል ሆኖ የሚያቀባብል ማሽን፣ ሊያልፈው ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ፕሮክሲ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚበራ ጣቢያ የራሳችንን ማቆም ይኖርብናል። በስልክ ለሚያወራ ግለሰብ ግን ከሱ የሚቀል የለም፤ የጥሪ ምልክቱን (ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን መለያ) በፈቃድ ማስረጃ ማስመዝገብ ብቻ ይበቃዋል። አይአርኤልፒ የሚባለው ሌላ ሥርዓት የራሱን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማስመጣት ስለሚጠይቅ ወዲያው ተውኩት። ኦልስታርሊንክ አስተሪስክ በሚባል የስልክ ልውውጥ ሶፍትዌር ላይ የቆመ ጠንካራ ሥርዓት ነው። በዩዲፒ 4569 ይሠራል፤ ሁለቱም ጫፎች ከተዘጋው በር ጀርባ ሲሆኑ ግን በቀጥታ አይገናኙም፣ መሀል ላይ ክፍት አድራሻ ያለው ሦስተኛ ማሽን ያስፈልጋል።

ሌላው ጥያቄ ዳታ ነው። ኤኮሊንክ ድምፁን በጂኤስኤም ኮዴክ (የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ) ይጨምቃል፤ የፓኬቱ ራስጌ (በእያንዳንዱ የዳታ ጥቅል ላይ የሚጨመረው የአድራሻ መረጃ) ተጨምሮ በሰከንድ 17 ኪሎ ቢት ያህል፣ ለአንድ ሰዓት ያልተቋረጠ ንግግር 8 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ኦልስታርሊንክ በተለመደው ዩሎው ኮዴክ 77 ኪሎ ቢት፣ ማለትም በሰዓት 35 ሜጋ ባይት ያህል ይበላል (ኮዴኩን መቀየር ይቻላል)። በመጨረሻ የመረጥኩት ሶፍትዌር ኤስቪኤክስሊንክ፣ ኦፐስ በሚባለው ኮዴክ 20 ኪሎ ቢት ላይ ሲስተካከል፣ ከራስጌው ጋር በሰዓት 15 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው። ዳታው ከኤኮሊንክ ይበልጣል፣ ድምፁ ግን ከሱ እጅግ የጠራ ነው። በጂኤስኤም «ጸ» እና «ሰ» ይምታታሉ።

ኤስቪኤክስሊንክን የመረጥኩት ግን ለዳታው ብዬ አይደለም። ሪፍሌክተር የሚባል የመሀል አገልጋይ አለው፤ ሁለቱም ጣቢያዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ተነሥተው እዚያ ይገናኛሉ። ከውጭ የሚያንኳኳ ስለሌለ የተዘጋው በር አያስቸግርም። ሪፍሌክተሩን 1 ጊጋ ባይት ራም ባለው ትንሽ የኪራይ ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩት፤ ይበቃዋል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው፤ ፖርት 5300 በቲሲፒም (መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ ዘዴ) በዩዲፒም መከፈት አለበት። ቲሲፒ ብቻ ከተከፈተ ጣቢያው የገባ ይመስላል፣ ድምፅ ግን አይመጣም፤ ትንሽ ቆይቶም ይቋረጣል። የይለፍ ቃል የተሳሳተ መስሎን ስንነካካ እንውላለን።

ለጫፎቹ ያዘጋጀሁት ራስፐሪ ፓይ 3 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሲኤም108 ቺፕ ያለው የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ እና ከጀርባው ባለ 6 ፒን የዳታ መሰኪያ ያለው ሬዲዮ ነው። የመሰኪያው ፒን 1 ድምፅ መግቢያ፣ 2 መሬት፣ 3 ፒቲቲ (ሬዲዮውን ማስተላለፍ የሚያስጀምረው ቁልፍ)፣ 4 ያልተጣራ ድምፅ፣ 5 የተጣራ ድምፅ፣ 6 ስኬልች (ሞገድ መግባቱን የሚናገር ምልክት) ነው። ፒን 1 የሚጠብቀው 40 ሚሊ ቮልት ያህል ሲሆን የድምፅ ካርዱ ወደ 1 ቮልት ይሰጣል። በቀጥታ ካገናኘነው ድምፁ ይፈነዳል። 10 ኪሎ ኦም በመስመሩ ላይ፣ 470 ኦም ወደ መሬት አድርጉ፤ ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል።

ለፒቲቲ 2ኤን2222 ትራንዚስተር በቂ ነው፤ ከፓይው እስከ ቤዙ (የትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር) 4.7 ኪሎ ኦም፣ ከቤዙ ወደ መሬት 10 ኪሎ ኦም። ያቺን 10 ኪሎ ኦም አትዝለሏት። የፓይው ጂፒአይኦ (ሶፍትዌር የሚያዛቸው እግሮች) ከ0 እስከ 8 ያሉት፣ ፓይው ሲነሣ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ 3.3 ቮልት የተሳቡ ናቸው፤ በመጀመሪያ ጂፒአይኦ 4ን ተጠቅሜ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሶፍትዌሩ እስኪነሣ ድረስ ሬዲዮው ዝም ብሎ ያስተላልፍ ነበር። ወደ ጂፒአይኦ 17 አዛወርኩት፤ እሱ ሲነሣ ወደ ታች የተሳበ ነው። ከፒን 6 የሚመጣው ስኬልች ደግሞ በብዙ ሬዲዮ 5 ቮልት ነው፤ ፓይው ከ3.3 በላይ አይችልም። በመልቲሜትር ለኩትና በ10 እና በ20 ኪሎ ኦም ክፈሉት።

ስኬልቹን በሽቦ ማምጣት ከሰለቻችሁ ሶፍትዌሩ በድምፅ መጠን ብቻ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። አልመክርም። ሲኤም108 በራሱ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ ዝምታ ሲሆን ሹክሹክታውን አግንኖ ያመጣዋል፣ ሶፍትዌሩም ሰው ተናገረ ብሎ ይከፍታል። በሌላኛው ጫፍ የሚሰማው ክሽሽታ ነው። በሽቦም ቢሆን ያንን ቅንብር በአልሳሚክሰር አጥፉት። የካርዱ ቁጥርም ፓይው ሲነሣ ይቀያየራል፤ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጥሩት።

ቶንም (ከንግግሩ ሥር አብሮ የሚላክ ዝቅተኛ መለያ ድምፅ) ጨመርኩ፣ 88.5 ኸርዝ። ያለ ቶን ማንኛውም ጣልቃ ገብ ሞገድ መስመሩን ይከፍተዋል። አንዳንድ ሬዲዮ ግን ቶኑን ቢጠብቅም ፒን 6 የሚነግረን ሞገድ መኖሩን ብቻ ነው፤ ያኔ ቶኑን ሶፍትዌሩ ራሱ ከፒን 4 ያንብብ። ከፒን 4 ስንወስድ ዲኤምፋሲስ (በማስተላለፊያው ከፍ የተደረገውን ቀጭን ድምፅ መልሶ የሚቀንስ ቅንብር) መከፈት አለበት፤ ፒን 5 ላይ ከተከፈተ ግን ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። ጣቢያውን ከሪፒተር ጋር የምታያይዙ ከሆነ ቶኑ የግድ ነው። የሪፒተሩ ሞገድ ንግግር ካለቀ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፤ ያ ጭራ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፣ ከዚያም የዚያኛው ጭራ ይመለሳል፣ እስኪነጋ ይቀባበላሉ። ሪፒተሩ ቶኑን ሰው ሲናገር ብቻ እንዲልክ ማድረግ ነው መፍትሔው።

አሁን ወደ «ላም» እንምጣ። ተናጋሪው «ሰላም» ይላል፣ ለሸዋ ሮቢት ባዘጋጀሁት ጫፍ «ላም» ይሰማል። ምክንያቱ የተቀባዩ ሬዲዮ ቶኑን አውቆ እስኪከፍት ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁ ደግሞ አይጠብቅም። የማስተላለፊያ መዘግየቱን 500 ሚሊ ሰከንድ ሳደርገው «ሰ» ተመለሰች። ተናጋሪውም ቁልፉን ጫን አድርጎ አንድ ሰከንድ ይታገስ። በመሀል ቃላት መቆራረጥ ሌላ ነገር ነው። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ፣ ፓኬቶች በእኩል ርቀት አይደርሱም። 100 ፒንግ (የመልስ ጊዜን የሚለካ ትንሽ መልእክት) ልኬ ያየሁት ፍጥነቱን ሳይሆን በትንሹና በትልቁ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የጂተር በፈሩን (ፓኬቶቹን ጥቂት አቆይቶ በእኩል የሚያወጣውን ማቆያ) በዚያ ልክ፣ 200 ሚሊ ሰከንድ አደረግኩት።

ኃይል፦ ፓይውና እየተቀበለ ያለ ሬዲዮ አንድ ላይ 10 ዋት ያህል ይወስዳሉ። ለ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 40 አምፔር ሰዓት ያዙ፤ ለደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ተጨማሪ ያዙ፣ ብርድ አቅሙን ይቀንሰዋል። የንግግር ገደቡን 180 ሰከንድ አድርጉት፣ የተጣበቀ ቁልፍ ሬዲዮ ያቃጥላል። የሶፍትዌሩ የሥራ መዝገብ (ሎግ) በሜሞሪ ካርዱ ላይ ሳይሆን በራም ላይ ይጻፍ፤ መብራት በድንገት ሲሄድ ካርዱን የሚገድለው ያ ጽሑፍ ነው። ፓይው የራሱ ሰዓት ስለሌለው ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል ጨምሩለት፤ ካልሆነ ኢንተርኔት እስኪመጣ በመዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ ውሸት ነው።

ጣቢያው የጥሪ ምልክቱን በየጊዜው በእንግሊዝኛ ድምፅ ይናገራል። ፋይሎቹ ተራ ዋቭ ናቸው፤ 16 ኪሎ ኸርዝ፣ ሞኖ፣ 16 ቢት አድርጎ በራስ ድምፅ ቀድቶ በተመሳሳይ ስም መተካት ይቻላል። የጥሪ ምልክቱን ፊደላት በዓለም አቀፉ አጠራር ተውኳቸው፤ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚለውን ግን በአማርኛ ቀድቼ አስገባሁት።