የመኪና ኮከብ ቆጠራ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ሁለት ነገር ቶሎ ይማራል። አንደኛው ውሃ የሚመጣበትን ቀን ነው። ሁለተኛው መኪና ቅንጦት አለመሆኑን። ልጅ አድርሶ መሀል ከተማ ሥራ ለመግባት በየቀኑ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ሲያንገሸግሸን፣ እኔና ባለቤቴ ያለንን አሟጠን ያገለገለች መኪና ለመግዛት ተስማማን። የቀረው የትኛዋን የሚለው ነበር።

ይሄ ጥያቄ እኛ አገር መልስ አያጣም። ጎሚስታውም፣ የቢሮ ጓደኛም፣ የሚስቴ አጎትም "ቶዮታ ግዛና ተኛ" ነው የሚሉት። ለምን ስትላቸው "ዕቃዋ እንደ ልብ ነው፤ ስትሸጣትም አታከስርህም" ይሉሃል። ገና ሳልገዛት ስለ መሸጧ ነው ወሬው። እኔ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፈረንጆቹ ለመኪና የሚሰጡትን ደረጃ እያነበብኩ፣ ያነበብኩትን መኪና ለሚወዱ ሰዎች እያቀረብኩ ማጣራት ጀመርኩ። መኪና የሚወዱ ስል ደላሎችን አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈን ከፍተው ዙሪያውን ቆመው የሚከራከሩትን ነው። ሰፈራችን ካለው ጋራዥ አይጠፉም።

ደረጃ አውጪዎቹ እያንዳንዳቸው የሚለኩት ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኮንሱመር ሪፖርትስ ማስታወቂያ አይቀበልም። የሚፈትናቸውን መኪኖች እንደ ማንኛውም ሰው ከሻጭ ይገዛል። አባላቱንም መኪናችሁ ምን ሆነችባችሁ ብሎ ይጠይቃል። ጄ.ዲ. ፓወር ደግሞ አዲስ መኪና የገዙ ሰዎችን ስለ መጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ጠይቆ፣ በ100 መኪና ስንት ችግር ተገኘ ብሎ ይቆጥራል። ሦስት ዓመት ለሞላቸው መኪኖችም ሌላ ጥናት አለው። የጀርመኑ ቲዩፍ ባለቤት አይጠይቅም፤ የእኛን የቦሎ ምርመራ በሚመስለው የግዴታ ምርመራ ላይ የተገኘውን ጉድለት ነው የሚያወጣው።

ይህን ጋራዡ ውስጥ ሳስረዳ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ ከመኪና ሥር ሳይወጡ "ዘጠና ቀን?" አሉ። "ልጄ፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ልጅ የምትባለው እኮ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።"

"የሦስት ዓመቱም አለ እኮ ጋሼ" አልኳቸው።

"እሷም ጡት አልጣለችም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን ልክ ናቸው። በ90 ቀኑ ጥናት ስልኩ ከመኪናዋ ጋር አልገናኝ ያለው ሰውና ካምቢዮ የተበላሸበት ሰው እኩል አንድ አንድ ችግር ነው የሚያስመዘግቡት። ኮንሱመር ሪፖርትስ ግን ለሞተርና ለካምቢዮ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። አንዷ ሞዴል እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ ብላ ብትገኝ የግድ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። እና እኔ የስክሪን ቅሬታ ምን ያደርግልኛል? በእኔ በጀት የሚገኙት መኪኖች ስክሪን የላቸውም። አንዷማ የካሴት ማጫወቻዋ አልወጣም።

ስለዚህ አጠቃላይ ነጥቡን ዘለልኩት። የማነበው ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የተሠራችበትን ዓመት ለይቶ የሚናገረውን ብቻ ሆነ። "ኮሮላ ጥሩ ናት" ማለት ብዙ አይነግርህም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት የወጡት፣ ዜድዜድ በሚባለው የሞተር ቤተሰብ የሚሄዱት ኮሮላዎች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ችግሩ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ጋ ነበር፤ ቶዮታ በኋላ አስተካክሎታል። እንግዲህ ያው ኮሮላ፣ ያው ቅርጽ፣ የዓመት ልዩነት ብቻ ሌላ መኪና ያደርጋታል። እንዲህ ያለችውን ለማየት ስሄድ ጠዋት፣ ሞተሯ ሳይነሳ እደርሳለሁ። ሻጩ "እንዳትቸገር ብዬ አሙቄልሃለሁ" ካለኝ አመሰግነውና ሌላ ቀን እቀጥራለሁ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ጨዋታው አለቀ።

ደላሎች "የአውሮፓ ስታንዳርድ፣ አውቶማቲክ" እያሉ የሚያሻሽጧት ያሪስ ደግሞ አለች። አንዳንዷ አውቶማቲክ አይደለችም። ኤምኤምቲ የሚባል ካምቢዮ ነው ያላት፤ ውስጡ ማንዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን በእግርህ ፈንታ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ይረግጥልሃል። አውሮፓ ውስጥ የነዷት ሰዎች ማርሽ ስትቀይር ታንገጫግጫለች እያሉ ሲያማርሩ ኖረዋል። እዚህ ቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ቆም ሄድ ስትል ምን እንደምትሆን ማሰብ ነው። እሷን ከዝርዝሬ ያወጣት የፈረንጅ ቅሬታ ነው። የእኛ ሰው ስሟን አይቶ ብቻ "ቶዮታ ናት እኮ!" ነበር ያለኝ።

ስም ካነሳን፣ ጋራዡ ውስጥ በጣም የወደድኩት ክርክር የስም ነበር። አንዱ ወጣት፣ ቮልስ የሚሰበስብ፣ የሸማች ነጥብ ግማሹ ለዓርማው ነው የሚሰጠው ብሎ ሙጭጭ አለ። ማስረጃው ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ላይ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በ1984 እ.ኤ.አ. አብረው ሥራ ያስጀመሩት ኑሚ የሚባል ፋብሪካ ነው። ከዚያ ፋብሪካ ኮሮላም ይወጣ ነበር፣ ጂኦ ፕሪዝም የምትባል የጄኔራል ሞተርስ እህቷም ትወጣ ነበር። መኪናዋ ያቺው ሆና፣ የቶዮታ ዓርማ ያላት የበለጠ ተሸጠች፣ ስታረጅም ዋጋዋን የበለጠ ያዘች። ሌላው ተነስቶ የ2022ቱን ጨመረበት። ቶዮታ ቢዚፎርኤክስ የተባለችውን ኤሌክትሪክ መኪናውን ገና ገበያ እንዳወጣት ጎማው ተፈትቶ ሊወጣ ይችላል ተብሎ መልሶ ጠርቷታል። ቶዮታ! ጋሼ ይሄን ለማመን ፈቃደኛ አልነበሩም። አሁንም አይደሉም።

መኪና ወዳጆቹን የማልሰማበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ደህንነት ላይ። "የድሮ መኪና ላሜራዋ ወፍራም ነው፣ ብትጋጭ አታስነካህም" የማይል የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኢንሹራንሶች የሚደግፉት የመንገድ ደህንነት ተቋም የ1959 ሼቭሮሌ ቤልኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቷል። ያቺ ወፍራም ላሜራ ሾፌሩ ላይ ታጠፈች። በማሊቡ ውስጥ የነበረው አሻንጉሊት ሾፌር እግሩን ቢጎዳ ነው። ቪዲዮውን በስልክ አሳየኋቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉና አንዱ "እሷማ ዝጋ ነበረባት" አለ። ምን ትለዋለህ።

እዚህ ላይ መኪና እያጋጨ የሚፈትነው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ የሚሰጠው ኮከብ ይጠቅማል፤ ሲነበብ ግን ከዓመቱ ጋር ነው። ፊያት ፑንቶ በ2005 እ.ኤ.አ. አምስት ኮከብ አገኘች። ያቺው ፑንቶ ሳትታደስ ቆይታ በ2017 ስትፈተን ዜሮ አገኘች። መኪናዋ አልተበላሸችም፣ ፈተናው ነው የከበደው። ሌላው ደግሞ ኮከቡ የተሰጠው ለተፈተነችዋ መኪና መሆኑ ነው። ያሪስ በ2005 አምስት ኮከብ ስታገኝ የሾፌሩን ጉልበት የሚጠብቅ ኤርባግ ሳይቀር ነበራት። ለሌላ ገበያ የተሠራችው ያንን ሁሉ ላትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ገጽ ሙሉ ኮከብ ከማንበብ ይልቅ ቁልፍ አዙሬ ዳሽቦርዱን አያለሁ። የኤርባጉ መብራት መጀመሪያ ይበራል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ካልጠፋ ችግር አለ። ከነጭራሹ ካልበራ ግን የባሰ ነው፤ የሆነ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል። ይሄን አንዲት በጣም ያማረች፣ ሻጩ "የሴት ልጅ መኪና" ያላት ቪትዝ ላይ አይቻለሁ። ኤርባጉ ፈንድቶ መሪው ላይ ክዳን ተለጥፎበት ነበር።

የአገር ውስጡን ደረጃ ያገኘሁት ከራይድ ሾፌሮች ነው። ግን "ጥሩ ናት?" ብለህ ከጠየቅክ አለቀልህ። መኪና እዚህ ንብረት ነው፤ ነገ ሊሸጣት የሚችለውን መኪና የሚያማ የለም። "ባለፈው ዓመት ምን ቀየርክ? ስንት አስወጣህ? ከሱማሌ ተራ ነው ወይስ ኦሪጅናል?" ስትለው ግን ምሬቱ ራሱ ይወጣል። ከኮዬ ፈጬ የውስጥ ለውስጥ ፒስታ የሚመላለስ አንድ ሾፌር አሞርዛተር ለመቀየር የሚያወጣውን ሲነግረኝ ከመኪናዋ ይልቅ መንገዱን ሲረግም ነው የደረስነው። ያንን ምንም የውጭ ጥናት አይነግርህም። ከፍታውንም እንዲሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ባለ 1.0 ሊትሯ ያሪስ ሲጀመርም 70 ፈረስ አትሞላም። አውሮፓ ውስጥ "ለከተማ በቂ ናት" ተብላለች፤ እንጦጦን ቤተሰብ ጭና ስትወጣ ያየ የለም።

በመጨረሻ የገዛናት የአውሮፓ ያሪስ ናት። 1.3፣ ማንዋል፣ ኤርባጎቿ ያልተነኩ። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ሥሯ ገብተው ወጥተው "ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ቀለሟ ግን ለገበያ አይሆንም" አሉ። ብርቱካናማ ናት። ዋጋዋን ያስቀነሰልኝም እሱ ነው፤ ነጭ ብትሆን አቅሜ አይደርስባትም ነበር።

አሁን ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ወሬው ሁሉ ቢዋይዲና አይዲ ፎር ሆኗል። እዚህ ገና ያረጀ ስለሌለ ራይድ ሾፌሮቹም ብዙ ታሪክ የላቸውም። ቲዩፍን ነው የማሳያቸው። በ2024ቱ ሪፖርት ከሁለትና ሦስት ዓመት መኪኖች መጨረሻ የወጣችው ቴስላ ሞዴል 3 ናት። ከተገኘባት ጉድለት ውስጥ የፍሬን ዲስክና የእግር ዕቃዎች አሉበት። ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት የምትቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ በሞተሯ ስለሆነ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፤ ሥራ ፈት ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። ያገለገለች ኤሌክትሪክ ልታይ ከሄድክ፣ ስለ ባትሪው ከመጠየቅህ በፊት በቸርኬው ክፍተት የስልክ መብራት አብርተህ ዲስኩን እይ። ከኋላ ያለውን።