ከደሴ ወደ ቆቦ፣ ተርብ ፍለጋ

ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፈን ወልድያ ስንደርስ የደሴው ሹራብ ከላያችን ወርዷል። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ጠበቀን። የመጣሁት በአገዳው ውስጥ ለሚኖረው ትልና ትሉን ለምትገድለው ተርብ ነበር።

የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ አገዳ ቆርቁር የገባበትን ብቻ ልሰንጥቅ?» ስላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ጠራርገህ ብትወስድልኝ በመረቅኩህ» አሉና ቀዳዳ ያለበትን አገዳ እየመረጡ አቀበሉኝ።

ኮቴሲያ የምትባለው ተርብ ጥቁር ናት፤ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትሉ በቆፈረው ዋሻ ገብታ እንቁላሎቿን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች። እጮቹ ከውስጥ ሲመገቡት ቆይተው ቆዳውን በስተው ይወጡና አጠገቡ ነጭ ድር ፈትለው ይጠቀለላሉ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደዚህ ነጭ ጥቅል ነው። እኔ ግን ትሉ ይቅደም ባይ ነኝ፤ ተርቧ ከወጣች በኋላ የሚቀረው የተሟሸሸ ቆዳ ማን እንደነበረ አይናገርም።

ስለዚህ ማጉያ መነጽር አውጥቼ የሆዱን ሥጋማ እግሮች አየሁ። በጫፋቸው ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ሙሉ ክብ ሠርተዋል፤ ከእስያ የመጣው ቺሎ ፓርቴለስ ነው። ደጋውን የሚመርጠው ቡሲዮላ ፉስካ ቢሆን ኖሮ መንጠቆዎቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይደረደሩ ነበር።

ለተርቧ ይህ ልዩነት የዘር ጉዳይ ነው። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ቺሎን እንድታጠፋ ከፓኪስታን መጥታ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች፤ እኛ አገር ማንም ሳይለቅቃት ተገኘች። እንቁላሏን ቡሲዮላ ላይ ብትጥል ግን የትሉ የደም ሕዋሳት ከብበው ያፍኑታል። የአፍሪካ ተወላጇ ኮቴሲያ ሰሳሚዬ በመልክ ትመስላታለች። ሁለቱን በዓይን ለይቻለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ የወንዱ ብልት በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

በሕይወት ያሉትን ትሎች ከቁራጭ አገዳ ጋር ለየብቻ በብልቃጥ አድርጌ አፋቸውን በጥጥ ደፈንኩ። የትሉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «ይህች ተርብ ልጆቹን ትነድፋለች?» አሉ።

«ኧረ አትነካቸውም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ስትፈለፈል መልሰህ አምጣልን።»