ያልተበሉት ዶሮዎች

ትናንት ማታ ድመታችን ከጓሮ አይጥ ይዛ ገባች። ሳህኗ ላይ እራቷ ገና አላለቀም። ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ ስታደርገው ቆየችና ሲሞት ትታው ሄዳ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ የአያቴ ዶሮ ቤት ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ክረምት ላይ፣ ሸለምጥማጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ዘጠኙንም ፈጃቸው። ጠዋት በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የተበላው የአንዷ አንገት ብቻ ነው። ሌሎቹ ማጅራታቸው ላይ ካለው የጥርስ ምልክት በቀር ምንም አልጎደላቸውም። ገብስማዋ እንቁላሏን እንዳቀፈች ነው የሞተችው፤ እጄን ከሥሯ ስሰድ እንቁላሎቹ ገና ለብ ይላሉ። "ካልበላቸው ለምን ገደላቸው?" ብዬ አያቴን ስጠይቃቸው "ክፉ ስለሆነ ነዋ ልጄ" አሉኝ።

ብዙ ዓመት አምኜበት ኖርኩ። አሁን ግን ክፋት አይመስለኝም። አውሬ አድኖ ብዙውን ጊዜ ስለሚስት፣ እስኪርበው ከጠበቀ አይኖርም፤ ያገኘውን ሁሉ መያዝ አለበት። ሜዳ ላይ አንዷን ሲይዝ የቀሩት ይሸሻሉ፣ ነገሩም ያበቃል። ዶሮ ቤት ውስጥ ግን መሸሻ የለም። ክንፍ በተራገበ ቁጥር እንደገና ይነክሳል። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪም ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ ውስጥ ጅቦች በአንድ ሌሊት 82 የሜዳ ፍየሎች ገድለው አብዛኞቹን ሳይበሉ እንደተዉ ጽፏል።

የሰው ነገር ነው የሚከብደኝ። የአንበሳ ሥጋ ማን ይበላል? አባቶቻችን አንበሳ የገደሉት ለስም ነው። የገደለ ጎፈር ይደፋል፣ ይፎከርለታል፣ ይዘፈንለታል። ዛሬም ከአገራችን በቀር የትም የሌለውን የደጋ አጋዘን ለቀንዱ ሲሉ ለመግደል፣ ፈቃድ በዶላር ገዝተው ከባሕር ማዶ የሚመጡ አሉ። ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ፤ ልቤ ግን አልቀበልም አለኝ።

የአባቴ አጎት በወጣትነታቸው አንበሳ ገድለዋል። ፉከራቸውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አንድ ቀን ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን "ጋሼ፣ አንበሳው ያን ጊዜ ምን እያደረገ ነበር?" አልኳቸው።

እሳቱን እያዩ ብዙ ቆዩ።

"ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር" አሉ፤ ጋቢያቸውንም ሰብሰብ አደረጉ። ያን ማታ አልፎከሩም።