ዳኛው ልጅ

ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የልጄ ቤዝቦል ጨዋታ ላይ ነበርኩ፣ ዳኛው ራሱ ቢበዛ 15 ዓመት ቢሆነው ነው። ሶስተኛ ስትራይክ (መምታት ሲገባህ ያልመታሃት ኳስ) ብሎ ልጄን ሲያስወጣው ኮቻችን ዘሎ ወጥቶ "አይንህ የት ነው?!" ብሎ ጮኸበት። ልጁ ምንም አልመለሰም፣ ዝም ብሎ እጁ ላይ ያለችውን የቦልና (ቦል ማለት ከመምቻው ክልል ውጪ የተወረወረች ኳስ) ስትራይክ መቁጠሪያ በአውራ ጣቱ ወደ ዜሮ መለሳት፣ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ደሞ እኮ ቦልና ስትራይክ የዳኛ ውሳኔ ነው፣ ክርክር የለውም፣ ሕግ ተጣሰ ካልክ ብቻ ነው ማናጀሩ (ዋናው ኮች) ታይም ጠይቆ፣ ጨዋታው ቆሞ በስርዓት የሚያናግረው (እኔም ያወቅኩት ዘንድሮ ነው፣ እንደ እግር ኳሳችን ዳኛ መስደብ የጨዋታው አካል ይመስለኝ ነበር 😅)። ከዛ ዳኛ ጠፋ ብለን እናማርራለን።

መኪና ውስጥ ልጄ "ባባ፣ ስትራይክ እኮ ነበረች" አለኝ። ለኮቹ ለምን አልነገርከውም ልለው አልኩና... እኔስ መች አፌን ከፈትኩ