የ24 ጫማ ትሬለር ወለል እንዴት እንደቀየርኩ፦ ንጣፍ ከመግዛት በፊት የሚለካው

ትሬለር የምለው በመኪና የሚጎተተውን፣ አልጋና ኩሽና ያለውን ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። መጀመሪያ የለካሁት ከስላይዱ ሥር ያለውን ክፍተት ነው። ስላይድ የሚባለው ትሬለሩ ሲቆም በሞተር ተገፍቶ ወደ ውጭ የሚወጣው ክፍል ነው። ሲገባም ሲወጣም ከዋናው ወለል በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል። አዲሱ ንጣፍ ከዚያ ክፍተት ከወፈረ ስላይዱ ይፍቀዋል ወይም አልገባም ብሎ ይቆማል። ክፋቱ ይህ የሚታወቀው ሁሉም ተለጥፎ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ኒኬል የሚባለው የአሜሪካ 5 ሳንቲም ውፍረቱ 1.95 ሚሊሜትር ነው። ደራርቤ በቴፕ ከቀጭን ዘንግ ጫፍ ጋር አሰርኩና ስላይዱን መሃል መንገድ ላይ አቁሜ በአምስት ቦታ ሥሩ አስገባሁ። ዳርና ዳሩ ሦስት ኒኬል ተቀበለ፤ መሃሉ ላይ ከሁለት በላይ አላስገባ አለ። የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው፤ የኔ ጣሪያ 4 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ወጥቶ ሲያልቅ ዝቅ ብሎ ከዋናው ወለል ጋር እኩል የሚሆን ስላይድ ያላችሁ ደግሞ ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ገብቶ፣ መሃል ላይ፣ ወጥቶ። እንዲህ ያለው ስላይድ ንጣፉ ሲወፍር የሚያርፍበት ከፍታም ይቀየራል።

ከዚህ ልኬት በኋላ ምርጫው በአብዛኛው ራሱን ይመርጣል። የሚታየው ወለል 120 ካሬ ጫማ፣ ወደ 11 ካሬ ሜትር ነው። ሴራሚክ ገና ከጅምሩ ወደቀ። 8 ሚሊሜትር ሴራሚክ ያለ ማጣበቂያው በካሬ ሜትር ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያ ላይ የትሬለር ወለል መንገድ ላይ ስለሚተጣጠፍ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ላሚኔት ልቡ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው፤ አንዴ ውሃ ከጠጣ አብጦ ይቀራል፣ ትሬለር ደግሞ አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚገዛው ያለ ኮላ እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን፣ ልቡ የድንጋይ ዱቄት የሆነ የቪኒል ሳንቃ ነው። ቤት ውስጥ ጥሩ ዕቃ ነው። ትሬለር ውስጥ ሁለት ችግር አለበት። የመጀመሪያው ክብደቱ ነው፤ 5 ሚሊሜትሩ በካሬ ሜትር ወደ 10 ኪሎ ስለሚመዝን ለኔ ወለል 110 ኪሎ ይሆናል። ትሬለሩ በር አጠገብ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀት እዩት፤ መሸከም የሚችለው ጭነት ተጽፎበታል፣ ንጣፉ የሚቀነሰው ከዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጁላይ ላይ ተዘግቶ ፀሐይ የዋለ ትሬለር ውስጡ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ጃንዋሪ ላይ ማሞቂያው ጠፍቶ ሲቆም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ንጹሕ የፒቪሲ ፕላስቲክ በየ10 ዲግሪው በአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ይለጠጣል። በ6 ሜትር ርዝመትና በ50 ዲግሪ ልዩነት ሲሰላ ከ15 ሚሊሜትር በላይ ነው። የድንጋይ ዱቄቱ ይህን በጣም ይቀንሰዋል፤ ግን ግማሹ ቢቀርና ንጣፉ በአንድ ጫፍ ቢያዝ በሌላው ዳር የሚተወው የ6 ሚሊሜትር ክፍተት ይጠበዋል። ካቢኔት ከላዩ ላይ ተጭኖ ከቸነከረውማ ወይ መሃሉ ላይ ይነፋል ወይ መቆለፊያው ይላቀቃል። ብዙ አምራቾች ዋስትናቸው ተንቀሳቃሽ ቤትን ወይም ማሞቂያ የሌለውን ቦታ እንደማይሸፍን የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳይገዙ በፊት ማንበብ ይሻላል።

የቀሩኝ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጀርባው ፋይበርግላስ የሆነ፣ በጥቅል የሚሸጥ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ከሁሉም ቀላልና ለሙቀት የማይበገር፣ መጋጠሚያም የሌለው ነው። ስላይድ የሌለው ትሬለር ወይም ወለሉ አራት ማዕዘን የሆነ ሰው ሌላ ባይፈልግ እመክራለሁ። የኔ ወለል ግን በካቢኔት፣ በአልጋው ሣጥንና በሽንት ቤቱ የተቆራረጠ ስለሆነ አንድ ቁራጭ ሳይቀደድ አስገብቶ መዘርጋት ከባድ ነው። ስለዚህ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን፣ በኮላ የሚለጠፈውን የቪኒል ሳንቃ ያዝኩ። 15 በ91 ሴንቲሜትር፣ አንዱ ካርቶን 24 ሳንቃ፣ 36 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። ለብክነት 12 በመቶ ጨምሬ አራት ካርቶን ገዛሁ፤ ስድስት ሳንቃ ተርፎ ለጥገና ተቀምጧል። ክብደቱ በአጠቃላይ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ቀለሙን ፈዘዝ ያለ መረጥኩ፤ ጥቁር ወለል በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ሲመታው ከፈዛዛው ይልቅ ብዙ ይግላል፣ የጋለው ደግሞ ይለጠጣል።

አሮጌውን ማንሳት ከመለጠፉ ሦስት እጥፍ ሥራ ነው። ምክንያቱ አሠራሩ ነው፤ ፋብሪካው ወለሉን መጀመሪያ ያነጥፋል፣ ግድግዳና ካቢኔት የሚቆመው ከላዩ ነው። ስለዚህ ንጣፉን ከሥር ጎትቶ ማውጣት አይቻልም። ዞኮሎውን፣ ወለሉ ጠርዝ ላይ የሚሄደውን ጠባብ እንጨት፣ ነቅዬ ከካቢኔቶቹ እግር ጋር አስጠግቼ በከተር ቆረጥኩትና የሚታየውን ብቻ አነሳሁ። በጣም አሮጌ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ትሬለር ከሆነ ግን የንጣፉ ጀርባ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይቀደድም፣ በካርታቤትራም አይፈገፈግም።

ከዚያ የስቴፕል ሽቦ። በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ተመትቷል፤ ምንጣፍ የነበረበት ቦታማ አይቆጠርም። ሰፊ ካቻቢቴ ከሥሩ አስገብቶ ማንሳት፣ በፒንሳ መንቀል። የተሰበረውን ለማውጣት መታገል አያስፈልግም፤ በመዶሻ ወደ ውስጥ ማስጠም ይበቃል። አንድም ብቅ ያለ ጫፍ መቅረት የለበትም፤ 2 ሚሊሜትር ቪኒል ሥር ያለ ሽቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱን ያሳያል። ጉልበት የሚጠብቅ ትራስ ካላሰራችሁ በማግስቱ ትረዱታላችሁ።

ወለሉ ሲገለጥ ወስፌ ይዤ በየ20 ሴንቲሜትሩ ወጋሁት። ጤነኛ ኮምፐልሳቶ ወስፌውን ይመልሳል፤ የበሰበሰው እንደ ኬክ ይቀበላል። ትሬለር የሚበሰብሰው በሚታወቁ ቦታዎች ነው፤ የመግቢያው በር ጥግ፣ ከመስኮት ሥር፣ የሽንት ቤቱ ዙሪያ፣ የስላይዱ ጎሚኒ የሚያርፍባቸው ሁለት ማዕዘኖች። የኔው በር ጥግ ላይ 40 በ60 ሴንቲሜትር ተበልቶ ነበር። መጀመሪያ የውሃው መግቢያ መደፈን አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱም እንጨት ይከተላል። የበሩን ፍሬም ነቅዬ አሮጌውን ማሸጊያ ጠረግኩና ውሃ በማያስገባው ተለጣፊ ማሸጊያ፣ በቡታይል ቴፕ፣ መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ማራገቢያና እርጥበት መሳቢያ ማሽን ከፍቼ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ፤ የእርጥበት መለኪያው ከ12 በመቶ በታች እስኪል።

የተበላውን ስቆርጥ የመጋዙን ጥልቀት በትክክል በኮምፐልሳቶው ውፍረት፣ 15 ሚሊሜትር ላይ አሰርኩ። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የውሃ ቱቦ፣ የማሞቂያ ቱቦና ታንከር አለ፤ 5 ሚሊሜትር የሚያልፍ ስለት ሌላ ሥራ ይፈጥራል። መቁረጫው መስመር ተሸካሚው ሞራሌ መሃል ላይ ማረፍ አለበት፣ አሮጌውም አዲሱም የሚያርፍበት እንዲያገኝ። ሞራሌ በሌለበት በኩል ሌላ ቁራጭ አስገብቼ ከጎን በኮላና በቪቴ አሰርኩ። አዲሱ ቁራጭ ለውጭ አገልግሎት የሚሆን ኮምፐልሳቶ ነው፤ በዙሪያው 3 ሚሊሜትር ክፍተት ተትቶለት፣ ጠርዙ ቀለም ጠጥቶ፣ ሥሩ በፖሊዩሬቴን ኮላ፣ ላዩ በየ15 ሴንቲሜትሩ በ32 ሚሊሜትር ቪቴ ታስሯል። ቪቴ የሚገባው ሞራሌ ባለበት ብቻ ነው።

የኮምፐልሳቶ ሉሆች የሚጋጠሙበት መስመር ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቀጭን ቪኒል የሥሩን ነገር ሁሉ ይናገራል። መጀመሪያ የሞከርኩት ሲሚንቶ ያለው ስቱኮ ነበር፤ ደርቆ ስራመድበት ሰነጠቀ፣ ምክንያቱም መጋጠሚያው ራሱ ይንቀሳቀስ ነበር። የሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጋጠሚያውን ግራና ቀኝ በቪቴ ማጥበቅ፣ ከፍ ያለውን ጠርዝ በ60 ቁጥር ካርታቤትራ መብላት፣ ከዚያ ሁለቱ ክፍል ተቀላቅሎ የሚደርቀውን የእንጨት ኢፖክሲ መሙላትና መልሶ ማስተካከል። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ እስኪጠፋ ደጋገምኩት። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ቫኪዩም፣ አንድ ጊዜ እርጥብ ጨርቅ፣ ሲደርቅ አንድ እጅ ፕራይመር። በሩ አጠገብ ፕራይመሩን ቸኩዬ ዘለልኩት፤ ኮላውን እንጨቱ ጠጣውና ሁለት ሳንቃ ጫፋቸው ተነሣ። ከተለጠፈ በኋላ የተመለስኩበት ይህ ብቻ ነው።

ሳንቃዎቹ ትሬለሩ ውስጥ 48 ሰዓት ተኝተው ቆዩ። መነሻ መስመሬን ከግድግዳው ሳይሆን ከኩሽናው ካቢኔት ፊት ወሰድኩ። የትሬለር ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ ዓይን የሚያየው ደግሞ ረጅሙን የካቢኔት መስመር ነው። በስኳድራና በኖራ ክር ምልክት አድርጌ መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ኮላ ደረደርኩ። የመጨረሻው ረድፍ ከ5 ሴንቲሜትር ከጠበበ መነሻው በግማሽ ሳንቃ ይገፋል። የረድፎቹ መጋጠሚያ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራራቃል።

ኮላው እንደ ቴፕ የሚይዝ ዓይነት ነው፤ አንድ ጋሎን ለ11 ካሬ ሜትር በቅቶ ተርፏል። በጥርሳም መዘርጊያ ቀጭን አድርጎ መዘርጋት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ነጭነቱ ጠፍቶ ጥርት ሲል፣ ጣት ሲነካው ይዞ ግን ጣት ላይ ሳይቀር፣ ያኔ ይለጠፋል፤ ለኔ 45 ደቂቃ ወስዷል፣ እርጥበት ባለው ቀን ይረዝማል። እርጥቡ ላይ ከተለጠፈ ሳንቃው ይንሸራተታል፣ ኮላውም በመጋጠሚያው ይወጣል። አንዱን ክፍል ዘርግቶ ሌላውን ለመቆሚያ መተው ያስፈልጋል፤ ከኋላው መኝታ ክፍል ተነሥቼ ወደ በሩ ወጣሁ። ቀጥ ያለው በከተር ሁለት ጊዜ ተጭሮ ይሰበራል፤ ጥምዝ የሆነውን በካርቶን ቅርጽ ወስጄ በመቀስ ቆረጥኩ። ሁሉም በእጅ ሮለር በሁለቱም አቅጣጫ ተጨፈለቀ።

የቀኑ ሙቀት ከገመትኩት በላይ ለውጥ ያመጣል። ግማሹን ጠዋት በ20 ዲግሪ፣ የቀረውን ከሰዓት በ30 ዲግሪ ለጠፍኩ። ክረምት ሲመጣ የጠዋቱ እንደተጋጠመ ነው፤ የከሰዓቱ ጫፍ ለጫፍ የጥፍር ውፍረት የሚያህል ክፍተት አሳየ፣ ሞቆ ተለጥጦ ስለተለጠፈ ሲቀዘቅዝ የሚሰበሰብበት ይፈልጋል። ትሬለሩ ከሚያየው ሙቀትና ቅዝቃዜ መካከለኛው ላይ መለጠፍ ነው መፍትሔው።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ፣ መቀመጫውን አንስቶ ከሥሩ ማንጠፍ ዙሪያውን ከመቁረጥ ይሻላል፤ ሁለት ብሎን ብቻ ነው። የትሬለር መቀመጫ እንደ ቤቱ በሰም ሳይሆን በጎሚኒ ነው የሚታሸገው፤ አንዴ ከተነሣ ጎሚኒው በአዲስ ይቀየራል። ንጣፉ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ ጎሚኒው ያለ ችግር ጨመቀ፤ በወፍራም ንጣፍ ግን መቀመጫው ከፍ ይልና ማሸጊያው አይደርስም። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ በአንድ ወገን ከተጨነቀ ይሰነጠቃል።

ዞኮሎውን ስመልስ ሚስማሩን ካቢኔቱ ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አልመታሁም። ሲሊኮን ያደረግሁት በሩ፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ ጋ ብቻ ነው። ስላይዱ የሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ዝቅ ያለ የአሉሚኒየም ማጠናቀቂያ ገብቷል፤ የቪቴዎቹ ራስ ሙሉ በሙሉ መስጠማቸውን በጣት አረጋገጥኩ። ከዚያ በፊት ስላይዱን አልነካሁም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ውስጥ ተንበርክኮ እያየ በትንሽ በትንሹ አስገባነው።

አሁን ስላይዱ ከመግባቱ በፊት ወለሉ ይጠረጋል፤ ከስላይዱ ሮለር ሥር የገባች አንዲት ጠጠር ከዳር እስከ ዳር መስመር ታወጣለች። በሩ ላይ የሚነጠፈው የእግር መጥረጊያም ጀርባው ጎማ ያልሆነ ነው፤ ጎማ ቪኒል ላይ ሲከርም የማይለቅ ቢጫ ምልክት ይተዋል።