«ኔትወርክ የለም» ሲባል መጀመሪያ ቤታችንን እንፈትሽ፦ ደብረ ብርሃን ካለችው ቢሯችን የተማርኩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት የሂሳብ ስራ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው። 9 ኮምፒውተር፣ 1 ፕሪንተር፣ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍል 1 ራውተርና ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ባለ 16 ቀዳዳ ስዊች ነው ያለን። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ አይቲ አይደለም፣ ግን በየቢሮው እንደሚሆነው አንዴ ፕሪንተር ያስተካከለ ሰው ከዛ በኋላ የኮምፒውተር ነገር ሁሉ ወደሱ ነው የሚመጣው፣ እኔም እንደዛው ሆንኩ። ይኸው አመታት አለፉ፣ በዚህ መሃል ያየሁትን ልጻፈው ያልኩት እንደኛ አይነት ትንሽ ቢሮ የራሱን ባለሙያ መቅጠር ስለማይችል ነው። ከተማው ላይ ባለሙያ የለም ማለቴ አይደለም፣ ግን በግብር ሰሞን ሁሉም ቢሮ እነሱኑ ነው የሚጠራው፣ ተራ እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል።

ቢሯችን ውስጥ የሁሉም ችግር ስሙ «ኔትወርክ የለም» ነበር። ፕሪንተሩ አላትምም ካለ ኔትወርክ የለም፣ ኢሜይል ካልተከፈተ ኔትወርክ የለም፣ ቫት ዲክሌር የምናደርግበት ገጽ ከተንቀራፈፈ ኔትወርክ የለም። ሆዴን አመመኝ እንደማለት ነው፣ የበላነው ይሁን ጨጓራ ይሁን ትርፍ አንጀት አይታወቅም። ወዲያው የሚቀጥለው ደሞ ለኢንተርኔት አቅራቢው መደወል ነው፣ እኔም ለወራት ስደውል ነበር። በኋላ መመዝገብ ጀምሬ ደብተሬን ሳገላብጠው ግን ከደወልኩባቸው ቀኖች አብዛኞቹ ላይ ችግሩ እዚሁ ከግድግዳችን ውስጥ ነበር።

ይሄን መጀመሪያ ያሳየኝ የሐምሌው ነው። ሐምሌ ለኛ የግብር ወር ነው፣ ደጃፉ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይቆማል፣ ዝናቡም አለ ብርዱም አለ። ሰኞ ጠዋት ስንገባ 4ቱ ኮምፒውተር ይሰራል 5ቱ አይሰራም። ሪስታርት ስናደርጋቸው ተቀያየሩ፣ ሲሰራ የነበረው ቆመ፣ የቆመው ተነሳ። ራውተሩን አጥፍተን አበራን፣ ለትንሽ ጊዜ ደህና ሆነና ተመልሶ ያው። ደወልን፣ ባለሙያዎቹ ማክሰኞ መጥተው መስመሩን ለክተው ደህና ነው ብለው ሄዱ፣ እውነታቸውንም ነበር። ጋሼ፣ የቢሮው ባለቤት ማለቴ ነው፣ ምንም አይናገሩም ግን በየ10 ደቂቃው በሩ ላይ መጥተው ቆመው ያዩኛል፣ እሱ ከጩኸት ይብሳል።

ረቡዕ ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አንድ ደብተር ይዤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ አንዱ እየሄድኩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ አይፒኮንፊግ (የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው) እያልኩ የሚያወጣውን ቁጥር በሙሉ ጻፍኩ፣ ሌላ ምንም አልነካሁም፣ መጻፍ ብቻ። ሲያልቅ ጎን ለጎን አየሁት። የሚሰሩት በሙሉ ዲፎልት ጌትዌይ፣ ወደ ኢንተርኔት መውጫው በር ማለት ነው፣ የሚለው ቦታ ላይ 192.168.1.1 ነው ያላቸው፣ የማይሰሩት በሙሉ 192.168.0.1። በቃ አንዲት ቁጥር ናት ልዩነቷ። የኛ ራውተር ደሞ 1.1 ነው፣ እንግዲህ ይሄ 0.1 ማነው?

እዚህ ጋ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፣ ኮምፒውተር ሲነሳ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው» ብሎ ኔትወርኩ ላይ ይጠይቃል፣ የሚያድለው ራውተሩ ነው፣ ስራው ዲኤችሲፒ ይባላል። ሁለት አዳይ ካለ ግን ኮምፒውተሩ ቀድሞ የመለሰለትን ነው የሚቀበለው፣ ትክክለኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለዛ ነው ሪስታርት ባደረግን ቁጥር እጣው የሚቀያየረው።

ከማይሰሩት በአንዱ ላይ ወደ 192.168.0.1 ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው) ሳያቋርጥ እንዲሄድ አደረግኩና ስዊቹ ላይ ያሉትን ኬብሎች አንድ በአንድ እየነቀልኩ መልሼ ሰካሁ። 7ኛውን ስነቅል መልሱ ቆመ። ኬብሉን በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ፣ በኮሪደሩ አድርጎ የኋላው ክፍል ገባ፣ ከቦክስ ፋይሎቹ ጀርባ አንድ አሮጌ የቤት ራውተር መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ተቀምጧል። ያመጣው ትንሹ የስራ ባልደረባችን ነው፣ በማግስቱ ስጠይቀው ፊቱ ተቀያየረ፣ «እህቴ እኔኮ ዋይፋዩ እንዲደርሰን ብዬ ነው፣ ቅዳሜ ነው ከቤት ይዤው የመጣሁት» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሯችን የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ክንድ ያህል ውፍረት አለው፣ ፊት ለፊት ያለው ዋይፋይ የኋላው ክፍል ሲደርስ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው። ልጁን የሚወቅስ ሰው ነበረ፣ እኔ ግን አልተቀበልኩም፣ በብርድ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ወደ መስኮት እያወጣ ሲሰራ ስንት ወር አይተን ዝም ያልነው እኛ ነን። ራውተሩን አልጣልነውም፣ ውስጡ ገብቼ ዲኤችሲፒውን አጠፋሁት፣ አድራሻውን ማንም ያልያዘው 192.168.1.2 አደረግኩት፣ ኬብሉም ዋን ከሚለው የኢንተርኔት መግቢያ ቀዳዳ ሳይሆን ላን ከሚሉት የውስጥ ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ እንደተሰካ ቀረ። አሁን የኋላው ክፍል ዋይፋይ ከፊቱ ይሻላል። በነገራችን ላይ ድንጋይ ቤት ውስጥ ላላችሁ፣ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው ግን ወፍራም ግድግዳ ላይ ቶሎ ይሞታል፣ 2.4ቱ ቀርፋፋ ቢሆንም የተሻለ ያልፋል። 2.4 ላይ ደሞ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ምረጡ፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ።

ሁለተኛው የማልረሳው የእትዬ ነው። እትዬ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን 2016 ነበር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጠሩኝና «ልጄ የኔ ብቻ ኔትወርክ የለውም» አሉኝ። የሁሉም ይሰራል፣ የሳቸው ብራውዘር የከፈቱትን ገጽ ሁሉ ግንኙነትዎ ደህንነት የለውም እያለ ይመልሳል። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ያው። ፒንግ አደረግኩ፣ 8.8.8.8 (ውጪ ያለ የጉግል አድራሻ ነው) ጥርት አድርጎ ይመልሳል፣ የድረ ገጽ ስም ስጠራም ይመልሳል፣ ታዲያ ገጹ ለምን አይከፈትም? ቫይረስ ይሆናል ብዬ ስካን አስጀመርኩ፣ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ሄደብኝ፣ በኋላ ቀና ስል የስክሪኑ ጥግ ላይ ቀኑን አየሁት። 9/6/2016 ይላል። እትዬ ቀኑን ማን ነው ያስተካከለው ስላቸው «እኔ ነኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ጠፍቶበት ነበር፣ ዛሬ ግንቦት 6 አይደል እንዴ?» አሉኝ። ነው እንጂ። ግንቦት 9ኛ ወር ነው፣ ቀኑ 6 ነው፣ አመቱ 2016 ነው፣ አንድም የተሳሳቱት ነገር የለም፣ ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ 2024 ላይ መሆን ነበረበት። ደህንነታቸው የተጠበቀ ገጾች ሰርተፍኬት አላቸው፣ ሰርተፍኬቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ነው የሚያገለግለው፣ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ከሄደ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተወለደ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ አልከፍትም ይላል። ሰዓቱንም በኛው 3 ሰዓት ብለው ነበር የሞሉት።

ቀኑን ማስተካከል ቀላል ነው፣ ዋናው ግን ለምን ጠፋ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ አልቃ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን የሚያስታውሰው እሷ ናት። ቀየርናት፣ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል አደረግኩት፣ ለእትዬም የሀገራችንን ቀን ግድግዳው ላይ ትልቅ ካላንደር ሰቀልንላቸው። ከዛ ወዲህ አንድ ኮምፒውተር ብቻ «ገጽ አይከፍትም» ካሉኝ ከኬብሉም በፊት ቀኑን ነው የማየው።

ኬብል ስል የኮርኒሱን ልንገራችሁ። ብርድ ሲበረታ አይጥ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፣ ደብረ ብርሃን የኖረ ያውቀዋል፣ ከባህር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነን፣ ህዳርና ታህሳስ ውርጩ ቀላል አይደለም። የመዝገብ ክፍሏ ኮምፒውተር መጣ ሄደ ሲል ሰነበተ፣ ወጥቼ ሳየው ኬብሉ ሁለት ቦታ ተበልቶ መዳብ መዳቡ ይታያል። አዲስ ኬብል ገዝቼ ራሴ ክሪምፕ አደረግኩት፣ ሽቦዎቹን መሰኪያው ውስጥ አስገብቼ ጨመቅኩት ማለቴ ነው። ጠዋት ስለነበር ጣቴ ደንዝዞ ሽቦዎቹ አልያዝ እያሉኝ ትንፋሼን እየነፋሁ፣ እያንዳንዱን ቀለም ከጓደኛው ጎን እያደረግኩ በሁለቱም ጫፍ አንድ አይነት አድርጌ ሰራሁት። ቴስተር (ኬብል መፈተሻ) ላይ ሳስገባው ከ1 እስከ 8 መብራቱ በተራ በተራ በራ። ደስ አለኝ። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ከበፊቱም ባሰ፣ ፋይል ለመላክ ስሞክር መሃል ላይ ይቆማል።

ሁለት ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ነው የገባኝ። 8ቱ ሽቦ 4 ጥንድ ሆኖ ነው የተጠማዘዘው፣ መጠማዘዙ ለማማር አይደለም፣ አንዱ ጥንድ የሌላውን ረብሻ እንዳይሰማ ነው። 3ኛውና 6ኛው ሽቦ የአንድ ጥንድ ልጆች መሆን አለባቸው፣ እኔ ግን አረንጓዴውን 4ኛ ላይ ስላደረግኩት ጥንዱ ተለያየ። ርካሹ ቴስተር ደሞ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው፣ ጥንዱ መለያየቱን አያይም። አጭር ኬብል ላይ ይሄ ስህተት ሊያሳልፋችሁ ይችላል፣ 30 ሜትር ገደማ ሲሆን ግን ያሳብቃል። ትክክለኛው ተራ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ ነው። ጥምዛዙንም ጫፉ ላይ ከ1 ሳንቲሜትር ብዙ አትፍቱት። ቆርጬ በዚህ ተራ ደግሜ ሰራሁት፣ እስከዛሬ አልነካሁትም። ኬብሉን ደሞ አይጥ እንዳይደርስበት በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። አንድ ጊዜ ከጽዳት በኋላ ቢሮው ሙሉ በሙሉ ጸጥ አለ፣ ስዊቹ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ፣ አንዱ በቅንነት ተንጠልጥሎ ያየውን የኬብል ጫፍ እዛው ስዊች ላይ ሰክቶት ሁለቱም ጫፍ አንድ ስዊች ላይ ሆኖ ነው፣ መልእክቱ ዙሪያውን እየዞረ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ነቀልኩት ተነሳ። ፕሪንተሩ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋው አድራሻው ስለሚቀየር ነበር፣ ራውተሩ ላይ ገብቼ 192.168.1.50 ለሱ ብቻ አስያዝኩለት፣ አለቀ። መብራት ሲመጣ በሃይል ስለሚመጣ አንድ የስዊች አዳፕተር ተቃጥሎብናል፣ አሁን ራውተሩና ስዊቹ ብቻቸውን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ላይ ናቸው፣ የሚወስዱት ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ብዙ ያቆያቸዋል። ዲቫይደር ላይ ከውሃ ማፍያ ጋር አብራችሁ እንዳትሰኩት አደራ።

አሁን ሰው «ኔትወርክ የለም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነው፣ ያንተ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም? የአንድ ሰው ከሆነ ወዲያው ወደ ራውተሩ አልሄድም፣ እዛው ጠረጴዛው ላይ ነኝ፣ ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ መብራት አለው ወይ፣ አድራሻው 169.254 ብሎ ከጀመረ አድራሻ የሰጠው የለም ማለት ነው፣ ኬብሉ ወይ ስዊቹ ወይ ራውተሩ ነው። አድራሻ ካለው 192.168.1.1 ፒንግ፣ ከመለሰ 8.8.8.8 ፒንግ፣ ያም መልሶ ስም ብቻ ካልከፈተ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤሱ ነው። የሁሉም ከሆነ ነው ኢንተርኔቱ በብርሃን ተጭኖ ከውጪ ወደሚገባበት ወደ ፋይበሩ ሳጥን የምሄደው፣ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፣ እሱን እንኳ ከመደወሌ በፊት ቢጫዋን ቀጭን ገመድ አያለሁ፣ አንዴ መደርደሪያ ተገፍቶ አጥፏት ነበርና። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምነካው፣ የነካሁትን እጽፋለሁ። ኬብሎቹ ላይ በሁለቱም ጫፍ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ፣ ያ ምሽት በእጄ እየተከተልኩ መሄዴን ስለማልረሳው ነው።

ሸዋ ሮቢት የምትሰራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አለች፣ እሷም በቢሯቸው እንደኔው ሆናለች። እዛ ደሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፣ ራውተራቸውን ለጥንቃቄ ብለው ብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ራሱን እያጠፋ ያበራ ነበር፣ አውጥተው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ተወው። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ፣ የአንድ ሰው ነው የሁሉም ብዬ ሳልጨርስ «የሁሉም ነው፣ 1.1 ይመልሳል፣ 8.8.8.8 አይመልስም፣ ሎሱ ቀይ ነው፣ ቢጫዋንም አይቻታለሁ አልታጠፈችም» አለችኝ። እንግዲያው ይሄ የውጪ ነው፣ ደውዪላቸው አልኳት። ለመንገድ ስራ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆርጦ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ መጥተው ቀጠሉት።