ቶሺባ ይላል እኮ

እውነቱን ለመናገር፣ ከረጢቱ ሲከፈት ሱቄ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚያምሩት እነሱ ነበሩ። 10 ጥንድ የአምፕሊፋየር ትራንዚስተር፣ ድምፁን አጉልተው ስፒከሩን የሚነዱት። ግማሹ 2ኤስሲ5200፣ ኤንፒኤን የሚባለው ዓይነት፤ ግማሹ 2ኤስኤ1943፣ ተቃራኒው ፒኤንፒ። ጥቁር ገላቸው ያብረቀርቃል። እግራቸውን ገና ካውያ አልነካውም። ፊታቸው ላይ በደማቅ ነጭ ጽሑፍ ቶሺባ ይላል፣ ከሩቅ ይነበባል። እኔን ያስጠረጠረኝም ይኸው ከሩቅ መነበቡ ነው። የቶሺባን ዕቃ ሳውቀው ጽሑፉ ደብዘዝ ያለ ነው። ወደ ብርሃን አዘንብለህ፣ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ ነው የምታነበው።

ሱቄ ዓለም ገና ናት፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብላ። ኮንቴነር ነች። ጥር ሲመጣ በሯ አይዘጋም፤ የአካባቢው የሠርግ ሞንታርቦ ሁሉ እኔ ጋ ይታመማል።

የዚህኛው ባለቤት ድንኳን፣ ወንበርና ሞንታርቦ የሚያከራዩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አምፕሊፋየራቸው አንድ ቻናሉ ሾርት ሆኖ መጣ። በየቻናሉ አራት አራት ጥንድ አውትፑት ትራንዚስተር ያለው ትልቅ ነገር ነው። የኦርጂናል ዕቃ ዋጋ ነገርኳቸው። ሳቁ። "የእህቴ ልጅ ኦንላይን ያዛል፣ አንተ እጅህን ብቻ አዘጋጅ" አሉኝ።

የእህታቸው ልጅ ስልኩ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው። ከውጭ ኦንላይን ገበያ ጫማ ያስመጣል፣ ቻርጀር ያስመጣል፣ የፀጉር ማሽን ያስመጣል። አሁን ደግሞ ትራንዚስተር። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠው እንደ ሽማግሌ ጥሎሽ በሁለት እጁ ነው።

መጀመሪያ አንዱን በአሴቶን አሸሁት። ምንም አልለቀቀም። ልጁ ፈገግ አለ። አሴቶን የድሮ ዘዴ ነው፤ አሁን ፎርጅድ የሚሠሩትም በሌዘር ይጽፋሉ። ቀጥሎ ትንሿ ቴስተሬ ላይ ሰካሁት። ኤንፒኤን ነው አለች፣ ጌይኑንም፣ ማለትም ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሰጠችኝ።

"በቃ፣ ይሠራል ማለት ነው" አለ ልጁ።

ይሠራል። መሥራቱን ማን ካደ? ግን ሁሉም ላይ "ኦ" የሚል ምልክት አለ። በቶሺባ ዳታሺት፣ ፋብሪካው ስለ ዕቃው በሚያወጣው ወረቀት፣ "ኦ" ማለት ጌይኑ ከ80 እስከ 160 ነው። እነዚህ አንዱ 50ዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤቱ 200ን ያልፋል። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ምድብ ወጡ የተባሉ ዕቃዎች እንዲህ አይበታተኑም።

ከዚያ ከሦስቱ እግሮቹ በሁለቱ፣ በኮሌክተርና በቤዝ መካከል ያለውን ካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሙን፣ ለካሁ። አምፕሊፋየር የሚነካ ሰው ይህን ካልለካ ባይነካ ይሻለዋል። ዳታሺቱ በ10 ቮልት ላይ ለ2ኤስሲ5200 200 ፒኮፋራድ፣ ለ2ኤስኤ1943 ደግሞ 360 ፒኮፋራድ ገደማ ይላል። ያለ ቮልቴጅ ስትለካው ቁጥሩ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። የእነዚህ ጭራሽ ከዚያ በታች ነው፣ ኤንፒኤኑም ፒኤንፒውም። ካፓሲታንሱ አነሰ ማለት ውስጥ ያለው ሲሊከን፣ ሥራውን የሚሠራው ቁራጭ፣ ትንሽ ነው ማለት ነው። ጽሑፉን መቀየር ቀላል ነው፤ የሲሊከኑን ስፋት ግን ከውጭ ሆኖ የሚቀይረው የለም።

ሲሊከኑ ትንሽ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዝቅ ባለ ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍንልሃል። ባሱ ሲመታ፣ ቮልቴጁም አምፔሩም አንድ ላይ ሲመጣበት፣ አንድ ነጥብ ላይ ይግልና ያልቃል። 230 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 150 ዋት የሚለው የወረቀቱ ቁጥር ለትክክለኛው ዕቃ ነው የተጻፈው። ለዚያውም ሂት ሲንኩ፣ ሙቀቱን የሚያወጣለት አሉሚኒየም፣ በደንብ ካቀዘቀዘው።

ይህን ሁሉ ለልጁ አስረዳሁት።

"ፋዘር፣ ሪቪው አይቼ ነው የገዛሁት" አለኝ። "አምስት ኮከብ ነው።"

"አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው ምን ላይ ገጥሞት ነው?"

"እሱን አይጽፉም።"

"ምንድን ነው የሚጽፉት?"

"ዕቃው ቶሎ ደረሰ፣ አስተሻሸጉ ቆንጆ ነው፣ እናመሰግናለን፣ ምናምን።"

"ገና ያልገጠመው ሰው ነዋ ኮከብ የሚሰጠው።"

"አንተ ግጠምልን እንጂ" አለኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ትራንዚስተሩን ያመጣው ባለቤቱ ነው፣ ቢቃጠል ሠራተኛው አይጠየቅም ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ፈረሙ። እየፈረሙም "ለዚህች ለምታህል ነገር ውል!" ብለው ታዘቡኝ። ገጠምኩት። በሲሪስ አምፖል፣ መብራቱን በአምፖል በኩል አሳልፌ፣ አስነሳሁት፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ እንደ ደንቡ። አምፖሉ ሾርት ካለ ይነግርሃል እንጂ ሠርግ ላይ ምን እንደሚሆን አይነግርህም።

ሠርጉ ሰበታ ነበር። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከድምፅ ልጁ ነው። ከሰዓት ድረስ ደኅና ሠራ። ሙሽሮቹ ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው ዲጄው ድምፁን ሲለቀው ጧ አለ። ሚዜዎቹ በባዶ ጭብጨባ አስገቧቸው አሉ። ብልሽት ሲመጣ ስፒከሩን የሚያላቅቀው የፕሮቴክሽኑ ሪሌ ተጣብቆ ኖሮ ዲሲው፣ ስፒከር የማይችለው ቀጥተኛ ጅረት፣ በቀጥታ ባለ 18 ኢንቹ ስፒከር ላይ ሄዶ ኮይሉን አጠቆረው።

ጋሼ በነጋታው መጡ። ልጁ ከኋላቸው ነው። ሰላምታም የለ።

"አንተ ነህ የገጠምከው" አሉኝ።

የፈረሙበት ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አላወጣሁትም። በሠርግ ማግስት ለአንድ ትልቅ ሰው ፊርማቸውን ማሳየት ጠብ ከመፈለግ አይለይም። ይልቅ ከተረፉት ትራንዚስተሮች አንዱን አንስቼ ሞርሳ ላይ አስገባሁትና ጠበቅኩት። ጥቁሩ ፕላስቲክ ተሰነጠቀ። በመርፌ አፍ ፍርፋሪውን ጠራረግኩ። መሐል ላይ ሲሊከኗ ታየች፣ የምስር ክክ የምታክል። ጎኑ ከድሮ አምፕሊፋየር ተቃጥሎ የወጣ እውነተኛ 2ኤስሲ5200 አስቀመጥኩላቸው፣ እሱም ተሰብሮ። የዚያኛው ሲሊከን ሰፊ፣ አራት ማዕዘን፣ ከብረቱ መሐል ላይ በኩራት የተቀመጠ ነው። ለዚህ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል።

"ይህችን ይመልከቱ፣ ጋሼ።"

ዝም ብለው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አበሱ፣ መልሰው አደረጉ።

"ታዲያ ቶሺባ ይላል እኮ።"

"ይላል።"

"ቶሺባ እንዲህ ወረደ ማለት ነው?"

"አልወረደም ጋሼ። ቶሺባ ይህን ዕቃ አይቶትም አያውቅም።"

"ያላየው ዕቃ ላይ እንዴት ስሙን ይጽፋል?"

"እሱ አይደለም የጻፈው።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"የሠራው ሰው ነዋ።"

"የሠራውማ ቶሺባ ነው። ይኸው ተጽፎበታል!"

ይህን ንግግር እስካሁን ብቻዬን ስሆን እደግመዋለሁ። ከየት በኩል ብገባ ይሻል ነበር እላለሁ። መግቢያ የለውም። ሰውየው ሞኝ አይደሉም፤ ድንኳን ሸራ በጣታቸው ዳስሰው ስንት ክረምት እንደሚችል የሚነግሩ ሰው ናቸው። ሸራ ላይ የተጻፈ ስም ቢያሳዩአቸው ይስቁብሃል። ትራንዚስተር ላይ ሲሆን ግን ጽሑፉ ቃል ሆነባቸው፣ እኔ ደግሞ ሐሜተኛ።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። "ያንንም ስበረው" አሉ። ሰበርኩት። ያው ነው። "ያንኛውንስ?" እሱንም። ምናልባት አንዱ ውስጥ ደኅናው ተደብቆ ይሆናል ብለው መሰለኝ። ልጁ "ጋሼ፣ ይብቃ፣ መሸጥ እንችላለን እኮ" ሲል ጊዜ ሞርሳውን ራሳቸው ያዙት። የተረፈውን በሙሉ ጨረስነው። ካልዋሸሁ ደስ ብሎኛል።

ኦርጂናል ከየት ይምጣ? አስተማማኙ እንደ ዲጂኪና ማውዘር ካሉ፣ ከፋብሪካው ቀጥታ ከሚረከቡ ሻጮች ማዘዝ ነው። ግን ዶላር ይፈልጋል፣ ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል። ለአንድ ዘመዴ መልእክት ላክሁ። የጋሼ ቀጣይ ሠርግ ግን ዘመድ አይጠብቅም። በአየር ጤና አድርጌ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገባሁ።

ምናለሽ ተራ ውስጥ የሞተ አምፕሊፋየር ስትገዛ ትራንዚስተሩን እንዳየህ ማስመሰል የለብህም። ሻጩ ዓይኑ ያለው ትራንስፎርመሩ መዳብ ላይና ሂት ሲንኩ አሉሚኒየም ላይ ነው። አንድ የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር አገኘሁ፤ ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ፣ ያኛው ክፍል ግን አቧራ ብቻ የጠጣ። ሰውየው በኪሎ መዘነው። ሂት ሲንኩ ላይ የተቀመጡትን ትራንዚስተሮች ከክብደቱ ልቀንስልህ ወይ ሲለኝ "ተወው፣ ግዴለም" አልኩት።

እነዚያ ሲወጡ የሚታዩ አልነበሩም። እግራቸው አጭር፣ ጀርባቸው በደረቀ ነጭ ፔስት የተለወሰ፣ ጽሑፋቸው ሊጠፋ የደረሰ። ካፓሲታንሳቸው ግን ልክ እንደሚገባው። ፒኤንፒው ከኤንፒኤኑ ከፍ ያለ፣ ጌይናቸውም ተቀራራቢ። እግራቸውን በሽቦ ቀጥዬ ገጠምኩ። ስፒከሩን ኮይል ጠምጣሚ ጋ ሰደድኩት። ቅዳሜ ሠርግ ሄደ። እስኪነጋ ጨፈሩበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ልጁ ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡን አይቶ ኖሮ ለጋሼ ነገራቸው። "አሮጌ ነው የከተተብን" ብሎ። ጋሼም "አዲስ ይሁንልኝ፣ የሚከፈለው ይከፈላል" አሉ። እኔ ብሆን የሚሠራ አምፕሊፋየር አልፈታም። ግን ዕቃው የሳቸው ነው።

ዘመዴ ሲመጣ ትራንዚስተሮቹን በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ቲቲሲ5200 እና ቲቲኤ1943፣ ቶሺባ ራሱ ለድሮዎቹ ተተኪ ብሎ ያወጣቸው ናቸው። ቮልቱ ያው፣ አምፔሩ ያው፣ ዋቱ ያው። በዚያ በድሮው ቁጥር የተጻፈ አዲስ የቶሺባ ዕቃ በርካሽ ሲቀርብልኝ የማልቸኩለውም ለዚህ ነው። ለካሁ። ሁሉም ልክ ነው። ጋሼንና ልጁን ጠራሁና ከመግጠሜ በፊት አሳየኋቸው።

ልጁ አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ፊቱ በራ።

"ፋዘር፣ ሸውደውሃል" አለኝ። "2ኤስሲ አይልም። ቁጥሩ ሌላ ነው። እኔ ያመጣሁት ቢያንስ ቁጥሩ ልክ ነበር።"

ምን ልበለው? ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያ "ተጽፎበታል እኮ" ሲመለስ አየሁ። ዳታሺት ላወጣ ስልኬን ስፈልግ ከፖስታው ውስጥ የሻጩ ደረሰኝ ወደቀ። ጋሼ አነሱት። እንግሊዝኛውን አላነበቡም፤ የዶላሩን ምልክትና ድምሩን ግን አዩ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ይሄማ ኦርጂናል ነው" አሉ። "ፎርጅድ ይህን ያህል አያስከፍልም።"

ያስከፍላል። ደግሞ ደረሰኝ ማተም ትራንዚስተር ላይ ከመጻፍ ይቀላል። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ስለ ጽሑፍ ስንት ስብከት የሰበክሁ ሰው በጽሑፍ ዳንኩ። ገጠምኩላቸው። ከምናለሽ ተራ የመጡት ግን ቆርቆሮዬ ውስጥ ገቡ። እነሱን ለማንም አልሰጥም።

ልጁ ሊወጣ ሲል ተመለሰና "ደረሰኙን ፎቶ ላንሳው?" አለኝ።

"ለምንህ?"

"ለቻናሌ። ሰው ወረቀት ሲያይ ያምናል።"

"አንሳለት እንጂ፣ ምን አለበት?" አሉ ጋሼ።

ደረሰኙን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ሂሳቤን ጻፍኩ። ዕቃ፣ ስፒከር ኮይል፣ የእጅ። ለጋሼ ሰጠኋቸው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ጣታቸውን የመጨረሻዋ መስመር ላይ አሳረፉ።

"ዕቃው እንዲህ ውድ ከሆነ እጅህን ቀንስ እንጂ" አሉኝ። "ኦርጂናል ዕቃ ለመግጠም ምን ልፋት አለው?"

እስከ ምሳ ሰዓት እሱ ላይ ቆየን።